መርዶ ያልተነገራት እናቴ

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የጀሞው ኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ጎረቤቶቼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲመካከሩ አገኘኋቸው። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ጎረቤታችን ብርቄ እህቷ ጎንደር ዐርፋባታለች። ብርቄ ደግሞ የልብ ሕመምተኛ ናት። «እትዬ አስካለ፣ እስኪ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ ልጇ። «ልቧ አይችለውም። ትንሽ ትበርታና እንነግራታለን።» ሌሎቹም «ልክ ነው» አሉ። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴን ያመመኝ መስሏቸው ደገፉኝ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ብስራተ ገብርኤል ነበር። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። ሲመጣ ቤቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ለእናቴ ቴምር ይዞላት ይመጣል፤ እሷም ለጎረቤት ሁሉ አዳርሳ ለራሷ ሳይተርፋት ይቀራል። አንድ ክረምት ግን መኪናው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠና ደምሴ እዚያው በረሃ ተቀበረ።

እናቴ በልጅነቷ ያልታከመችው ቶንሲል ልቧን ጎድቶት ኖሯል። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ተሰብስበው «አሁን ከተነገራት ሁለት ሬሳ ይሆንብናል» አሉና መርዶው እንዲደበቃት ተወሰነ።

የለቅሶው ድንኳን ከእሷ ተሰውሮ የተተከለው ለቡ፣ አጎቴ ግቢ ነው። ያኔ ለቡ ፎቅ የሚባል አያውቅም፤ ዙሪያው ጤፍና ጭቃ ነው። ጥቁር ልብሴን እዚያ እለብሳለሁ፣ ሳለቅስ እውላለሁ፤ አመሻሹ ላይ ፊቴን ታጥቤ፣ የዘወትር ልብሴን ለብሼ፣ በመካኒሳ በኩል ጭቃውን እያቦካሁ እመለሳለሁ። «ጥናቱ እንዴት ዋለ?» ትለኛለች ለጥናት የሄድኩ የመሰላት እናቴ። «ጥሩ ነው» እላለሁ። ወንድምን አልቅሰው ሳይወጣላቸው ቤት ገብተው ሽሮ መብላት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ደምሴ አሰብ ወደብ ሥራ አግኝቶ ቀረ ተባለላት። በየጊዜው «በሹፌር ሰላም ብሎሻል» እንላታለን። ለፋሲካ አባቴ ሻሽ ገዝቶ «ልጅሽ ላከልሽ» አላት። ተቀብላ፣ አጥፋ አስቀመጠችው፤ አንድም ቀን አላሰረችውም። መቼ ይመጣል ብላም አልጠየቀችንም። ይህ ብቻውን ሊያነቃን ይገባ ነበር። ውሸት የያዘ ሰው ግን ስለ ውሸቱ እንጂ ስለ ሌላው መቼ ያስባል።

ሕመሟ እየባሰ ሄደ። እግሯ ያብጣል። ከቧንቧው እስከ ቤት ሳትቆም መድረስ አቃታት። ጋደም ስትል ስለሚያፍናት ትራስ ደራርባ ተቀምጣ ታድራለች። ጨው የሌለው ወጥ እሠራላታለሁ፤ እሷም ሳታማርር ትበላለች። ሐኪሙ መድኃኒት ቢቀያይር ለውጥ አጣ። «የሚያስጨንቃቸው ነገር ይኖር ይሆን?» ብሎ አባቴን ጠየቀው። «ሐዘን ሲቆይ ልብን ይጎዳል።»

«ምንም የለም ዶክተር» አለ አባቴ። እናቴም ከጎኑ ሆና «ምንም የለም» አለች።

በዚያው ሰሞን ለቅሶ ቤት ማዘውተር አመጣች። የሩቅ ሰው ቢሞት እንኳ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትሄዳለች፤ ከባለ ሐዘኖቹ በላይ ታለቅሳለች። ሰፈሩ «ሆደ ቡቡ» አላት። እኛማ «ልብሽን ልትጨርሺው ነው» እያልን እንቆጣታለን።

በፍልሰታ ጾም አንድ ዕድሜ የጠገቡ ጎረቤታችን ዐረፉ። ልጆቻቸው እንኳ እንባቸው ደርቆ ንፍሮ ያዞራሉ። እናቴን ደግፌ ወሰድኳት። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል፤ ድንኳኑ የራሰ ጋቢና የንፍሮ ሽታ ይዟል። ትንሽ ተቀምጣ ተነሣችና ደረቷን መታች።

«ደምሴ! ልጄ ደምሴ፣ አፈሩን ማን አለበሰህ» አለች።

እዚያ የተቀመጠው ሁሉ ያውቅ ስለነበር ሁሉም መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። አባቴ ከወንዶቹ መካከል ተነሥቶ መጣና አጠገቧ ተንበረከከ። ሁለቱ አብረው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቤት ከገባን በኋላ «ማን ነገረሽ፣ እማዬ?» አልኳት።

«ማንም። ድሮ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ‹ደምሴ ደህና ነው?› የማይለኝ አልነበረም። ሰው ሁሉ ስለ ልጄ መጠየቅ ሲተው አወቅኩ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አባትሽ እኔን ብሎ ታፍኖ ነው የሚውለው። ማወቄን ቢሰማ የሚሰበር መሰለኝ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። እኛ ለእሷ፣ እሷ ለእኛ ስንል አንድ ቤት ውስጥ ለየብቻችን አዘንን።

በማግስቱ በራችን ላይ ድንኳን ተተከለላት። ጥቁር ለበሰች፤ ሰውም የልጇን ስም እየጠራ አለቀሰላት። ለጥቂት ሳምንታት ፊቷ ፈታ አለ፤ እንቅልፍም ይወስዳት ጀመር። ሐኪሙ ግን ልቧ ከልክ በላይ መለጠጡን ነገረን። ቀጣዩን ፋሲካ ሳታይ ሞተች። የገደላት የድሮው ሕመም ይሁን የታፈነው ሐዘን፣ ሐኪም አይደለሁምና አልምልም። በታመመ ልብ ላይ ሸክም እንደጫንንበት ግን አልጠራጠርም፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

«ይነገራት» አልኳቸው ጎረቤቶቼን። «መጀመሪያ ሐኪሟን አማክሩ፣ መድኃኒቷም አጠገቧ ይሁን። እኔም አብሬያችሁ እገባለሁ።»

«ብትሞትብንስ፣ እትዬ?» አለኝ የብርቄ ልጅ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ዛሬ ሐኪሟን አማክሮ መጣ።

ነገ ጎህ ሲቀድ አብረን እንገባለን። ፈርቻለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ። ብቻ ከሐሳቤ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ። እናቴ በየድንኳኑ ስታለቅስ አጠገቧ የሚቀመጡት ሴቶች እጇን ይዘው «በቃሽ፣ አይዞሽ» ይሏት ነበር። ልጇ መሞቱን እያወቁ፣ የሚያጽናኗት በሌላ ሰው ሟች ነበር።