የጤና አዳም አስታማሚ

የዕፅዋት በሽታ በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ በር ላይ አንዲት ሴትዮ፣ ቅጠሏ ቢጫ የሆነባትን ጤና አዳማቸውን ከነጣሳዋ ታቅፈው ተቀምጠዋል። እሷን የጠቀለሉበት የሕፃን ብርድ ልብስ የእጥፋቱ መስመር ገና አልለቀቀም። አጠገባቸው ሰው ባሳለ ቁጥር ተነሥተው ወንበር ይቀይራሉ፤ እኔንም ጉሮሮዬን ስጠርግ ገላመጡኝ።

«የስንቱን ሆድ ቁርጠት ስታስታግስ ኖራ፣ ለራሷ ሲሆን አቃታት» አሉኝ።

ተመራማሪው ከውስጥ ብቅ አለ።

«እማማ፣ ያመማት ቫይረስ ነው። ዘረመሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብነው፤ እስከ ዛሬ ማንም የማያውቀው አዲስ ነው። ተክሏ የእርስዎ ናትና ስሙን እርስዎ ያውጡለት።»

ሴትዮዋ ብርድ ልብሱን ቀስ ብለው አስተካከሉ።

«ወንድ ነው ሴት?» አሉት። «ለሁለቱም ያስቀመጥኩት ስም አለኝ።»