ቀኝ እጄን ያነሳሁበት ቀን

ይህ ታሪክ መነገር ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ሰው አልሞተበትም፤ ማንም አልታሰረበትም፤ ከከተማችን ውጭ የሰማውም ያለ አይመስለኝም። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ቀን እጇን አነሳች፤ ነገሩ ይኸው ነው። ባለፈው ሳምንት የዶርም ጓደኛዬ ሰሚራ ምሳ ላይ ያን ወሬ ባታነሳ ኖሮ እኔም ዝም ብዬ ወደ ጥናቴ እመለስ ነበር።

የተማሪዎች ካፌ ተቀምጠን ምስር ወጥ እየበላን ነበር። ሰሚራም እንደኔ ከአሶሳ ናት፤ የተማርነው ግን በተለያየ ትምህርት ቤት ነው። ታናሽ እህቷ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ እኔ የነበርኩበት ትምህርት ቤት ገብታለች። የእንግሊዝኛ መምህሯን ስታወድስ አትጠገብም አለችኝ። «ሙሉነህ ይባላል፤ እንዲህ ያለ መምህር አይቼ አላውቅም ትላለች። ታውቂዋለሽ?»

የጠቀለልኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት።

አውቀዋለሁ። መምህሬ ስለነበረ አንቱ ልለው ይገባኛል፤ ፊት ለፊት ሳገኘውም አንቱ ነው የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ። አንባቢ እንደ ስድነት እንዳይቆጥርብኝ እለምናለሁ፤ እስከ መጨረሻው ካነበበ ምክንያቴን ያገኘዋል።

ያደግኩት ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው የበርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛን ያገኘሁት ከትምህርት ቤት ነው። እናቴ በማንጎ ወቅት ማንጎ፣ በሌላው ጊዜ ደግሞ ደረቅ ባሚያ ትሸጣለች። ደንበኞቿ በአብዛኛው የስደተኞች ካምፕ ውስጥ የሚኖሩ ሱዳናውያን ነበሩ። ካምፑ በር ላይ ሻይ የምታፈላ ኢኽላስ የምትባል ልጅ ነበረች። በአገሯ ዩኒቨርሲቲ ጀምራ ጦርነት ያቋረጣት ናት። እናቴ ከገዢዎቿ ጋር በዓረብኛ ስትከራከር እኔ ኢኽላስ አጠገብ እቀመጣለሁ። ዝንጅብል የበዛበት ሻይዋን በትንሽ ብርጭቆ ትሰጠኛለች። ካልተናገርኩት እንግሊዝኛዬ ይጠፋብኛል ትል ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ በዓረብኛ የነበረው ወሬያችን ቀስ በቀስ እንግሊዝኛ ሆነ። ስለ ወንድሟ፣ ስለ ስኳር መወደድ፣ ስለ ፀጉር አሠራር፣ ስለሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ አወራን። እንግሊዝኛ ከባድ ትምህርት መሆኑን የሰማሁት ካወራሁበት በኋላ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ አሶሳ አክስቴ ዘንድ ሆኜ መማር ጀመርኩ። ሙሉነህ ገና በመጀመሪያው ሳምንት አንድ አንቀጽ እንዳነብ አስነሳኝ። ኢኽላስ እንደምታነበው አነበብኩ፤ ሌላ አነባበብ አላውቅም። እሱ ጠመኔውን አስቀምጦ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ የእኔን ድምፅ እያስመሰለ፣ አንገቱን እንደኔ ሰበር አድርጎ፣ አንቀጹን እንደገና አነበበው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ይህን እንግሊዝኛ ከየት ነው ያመጣሽው? ከካምፕ?» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሃዋ መሆኑ ቀርቶ ካምፕ ሆነ። «ካምፕ፣ መጥረጊያውን አቀብይኝ።» «ካምፕ፣ ዛሬ እርዳታ የለም እንዴ?» ልጆቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ ቃሉን ያቀበላቸው እሱ ነው። እኔ ግን በሆዴ አንድ ቀን በዚሁ በሳቀበት ድምፄ አሳፍረዋለሁ ብዬ ማልኩ። እንዴት እንደማደርገው አላውቅም ነበር። ሌሊት ሌሊት ምን እንደምለው አዘጋጅ ነበር ብል ግን ውሸት ይሆናል፤ አክስቴ ቤት ሥራ ስለሚበዛ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። የማዘጋጀው ቀን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ በዚያ በቀዩ አቧራ መንገድ ላይ ነው።

እኛ ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ለእንግዳ ግን የማይነገር አንድ ልማድ ነበር። ተቆጣጣሪ ሲመጣ መምህሩ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪው በሙሉ እጁን ያነሳል። መልሱን የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። መምህሩ ከቀኞቹ አንዱን ይጠራል፤ መልሱ ይመጣል፤ እንግዳው የእጁን ብዛት አይቶ ተደስቶ ይሄዳል። እንዲያውም ማንም እንዳይሳሳት ተብሎ ማን ቀኝ፣ ማን ግራ እንደሚያነሳ አስቀድሞ ይደለደላል።

የካቲት ማለቂያ ላይ፣ ሙቀቱ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲያንጫጫ፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ፈታኝ እንደሚመጣ ተነገረን። የመሰናዶ ጨራሾችን የእንግሊዝኛ ችሎታ ሊለኩ ነው ተባለ፤ የሚለኩት ደግሞ በጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ በንግግር ጭምር ነው። ሙሉነህ በዋዜማው ደለደለን። አጠገቤ የምትቀመጠዋ ትርንጎ ከቡለን የመጣች፣ በጣም አሪፍ የሂሳብ ተማሪ ናት፤ በእንግሊዝኛ ግን ስሟን እንኳ መናገር ያቅታታል። እሷን ግራ አላት፤ ቅር አላላትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሃዋ፣ አንቺም ግራ።»

መልሱን ባውቀውስ ብዬ ጠየቅኩት።

«ብታውቂውም ግራ። ካምፕ ነው ያስተማራቸው እንዲሉን ነው የምትፈልጊው?»

ባለማወቄ ቢሆን ይህን ያህል ባልተናደድኩ። እያወቅኩ ከማያውቁት ጋር ተቆጠርኩ።

በማግሥቱ የመጡት እንግዳ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሴት ነበሩ። ከመቀመጣቸው በፊት በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ብለው፣ ለምን እንደመጡ ነገሩን። ማንንም ለመጣል እንዳልመጡ፣ ውጤቱ በማንም ካርድ ላይ እንደማይሠፍር፣ መናገር የሚቸግራቸው ተማሪዎች ከበዙ ለዚያ ትምህርት ቤት የቅዳሜ ማጠናከሪያ እንደሚከፈት ተናገሩ። ሲጨርሱ ሙሉነህ በእንግሊዝኛ ገብቷችኋል ወይ አለን። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የስ!» አለ። ቢተረጉምልን አልገባቸውም ማለት ስለሚሆንበት አልተረጎመልንም። ትርንጎ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። እሷን የሚጠቅም ነገር እንደተናገሩ አወቅኩ። ለእንግዳዋ እንዲናገሩ የተመደቡት ግን እነዚያው ጥቂት ቀኞች ብቻ ናቸው፤ እንዲያ ከሆነ ማጠናከሪያው አይከፈትም።

እንግዳዋ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሙሉነህ ጠየቀ፤ እጅ እንደ ቀርከሃ ጫካ ተነሳ። አንድ ቀኝ ጠራ፤ ተመለሰ። ሁለተኛውን ጥያቄ ሲጠይቅ እኔ ቀኝ እጄን አነሳሁ።

አየኝ። ዓይኑ እጄ ላይ ቆይቶ ወደ ፊቴ ወረደ፤ በዓይኑ አውርጂ አለኝ። አላወረድኩም። ሌላ ጠራ። በሚቀጥለው ጥያቄም አነሳሁ፤ አሁንም ዘለለኝ። ትርንጎ ጉልበቴን በጉልበቷ ገፋችኝ። ከፊት የተቀመጠው ልጅ ዞሮ «ካምፕ፣ ተሳሳትሽ፣ ግራ ነሽ» አለኝ በሹክሹክታ። እኔ እጄን ይበልጥ ዘረጋሁት።

በዚህ ጊዜ ከኋላ እንግዳዋ በትህትና፣ በእንግሊዝኛ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ልጅ ቆይታለችና ዕድል ይሰጣት አሉ።

ጥያቄው ክረምት ሲገባ አካባቢያችሁ ምን ይመስላል የሚል ነበር። ተነሳሁ። መንገዱ ጭቃ እንደሚሆን፣ ባጃጅ እንደሚቆም፣ እናቴ ባሚያዋን በራሷ ተሸክማ እንደምትሄድ፣ የመጨረሻው ማንጎ በዝናብ ረግፎ መሬቱ ማንጎ ማንጎ እንደሚሸት ተናገርኩ። ድምፄ የኢኽላስ ድምፅ ነበር፤ ላስተካክለው አልሞከርኩም። እንግዳዋ ፈገግ ብለው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። እዚህ ላይ መቀመጥ እችል ነበር። ሙሉነህም በእፎይታ «ጥሩ፣ ተቀመጪ» አለኝ።

አልተቀመጥኩም። ወደ እንግዳዋ ዞርኩ፤ አሁንም በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጥኩ እንዲህ አልኳቸው፦

«እዚህ ክፍል የሚያውቅ ቀኙን ያነሳል፤ የማያውቅ ግራውን ያነሳል። ማን እንደማያውቅ እርስዎ እንዳያዩ ነው። እኔ ግራ እንዳነሳ ታዝዤ ነበር። እባክዎ ግራዎቹን ይጠይቁ።»

ከክፍሉ አብዛኛው የተናገርኩትን አልተከተለም፤ ሙሉነህ ግን ተከተለው። የሳቀበትን እንግሊዝኛ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በደንብ ሰማው። ጠመኔው እጁ ውስጥ ተሰብሮ ግማሹ ወደቀ፤ ጎንበስ ብሎ አላነሳውም። እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ ከቀመስኩት ማንጎ ሁሉ ያ ቅጽበት ይጣፍጥ ነበር። የተናገርኩት ለክፍሉ ጥቅም ብዬ አልነበረም። ፊቱን ለማየት ነው፤ አየሁትም።

እንግዳዋ አልተቆጡም። ሁላችሁም እጃችሁን አውርዱ ብለው ከወንበራቸው ተነሱና በየዴስኩ እየዞሩ ከእያንዳንዱ ተማሪ ጋር በቀስታ ማውራት ጀመሩ። ትርንጎ ጋ ሲደርሱ ስምሽ ማነው አሏት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። እንባዋ ዴስኩ ላይ ወረደ። እንግዳዋ ትከሻዋን ነካ አድርገው አለፉ።

በእረፍት ሰዓት አንዳንዶቹ ትምህርት ቤቱን አዋረድሽው አሉኝ። ይህ ምንም አላሳመመኝም። ትርንጎ ደብተሯን ሰብስባ ወደ ሌላ ዴስክ ሄደች። ተከትያት ሄጄ ላስረዳት ብሞክር ዞር ብላ እንዲህ አለችኝ፦

«አንቺ የመታሽው እሱን ነው፤ ያመመው ግን እኔን ነው።»

ወደ ዴስካችን ተመልሼ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቅዳሜው ማጠናከሪያ ተከፈተ። እንዲያስተምር የተመደበውም ራሱ ሙሉነህ ሆነ። ግራዎቹ በሙሉ ገቡ፤ እኔ አያስፈልግሽም ተባልኩ። እስከ ሰኔ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአክስቴ ቤት ማንጎ በፌስታል ይዤ እወጣለሁ፤ መንገዴ ባይሆንም በትምህርት ቤቱ ግቢ በኩል አልፋለሁ። የክፍሉ መስኮት ጋ ስደርስ ቀስ እላለሁ። እሱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ትርንጎን ስሟን በእንግሊዝኛ ሲያስብል፣ እኔ ማንጎዬን እየመጠጥኩ አየዋለሁ። እሱም ያየኛል። እንደዚያ ደስ እያለኝ ያለፍኩበት መንገድ የለም። በመደበኛው ክፍል ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ጊዜም አልጠራኝም። ስሜንም፣ ካምፕንም ትቶ እኔ የተቀመጥኩበትን ቦታ እንደ ባዶ ወንበር ያልፈው ነበር። የእሱ በቀል ይህ መሆኑ ነው። የእኔ ይበልጥ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

ትርንጎ ፈተናው ሲቃረብ ወደ ዴስካችን ተመለሰች። ይቅርታ አልተባባልንም፤ የሂሳብ ጥያቄ አሳየችኝ፣ እኔም ምንባብ አነበብኩላት። አሁን ጤና ኮሌጅ ናት።

በዘንድሮው የሴሚስተር እረፍት አሶሳ ሄጄ ሳለ ገበያው መግቢያ ላይ ከሙሉነህ ጋር ተገናኘን። ቲማቲም የያዘ ፌስታል አንጠልጥሏል፤ ከስቷል። ልለፈው ብዬ ሳስብ ቆመና በእንግሊዝኛ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ይህን ነበር፤ አንድ ጊዜ እንኳ እንደ አዋቂ እንዲያናግረኝ። መልሱ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ደህና ነው ቲቸር» አልኩት፣ በአማርኛ። «የኔ እንግሊዝኛ የካምፕ ስለሆነ በእሱ አላስቸግርዎትም።»

ፌስታሉን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ እሱም ወደ አማርኛ ዞረ።

«እኔ ተማሪ ሳለሁ ግራዬን ነበር የማነሳው» አለኝ። «እስክጨርስ ድረስ ግራዬን።»

ይህን የነገረኝ ለምን እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ይቅርታ ፈልጎ ከሆነ አልሰጠሁትም። ደህና ይዋሉ ብዬ ወደ ገበያው ገባሁ፤ ቆሞ እያየኝ እንደነበር ጀርባዬ ያውቅ ነበር፤ አልዞርኩም።

ሰሚራን ባለፈው ሳምንት እህቷ ምኑን እንደወደደችለት ጠየቅኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ማንም ሳያዘው ያስተምራል፣ በክፍል ደግሞ ሁሉንም በየተራ ያናግራል፣ በአነጋገሩ የሚሳቅበት ልጅ ካለ የሳቀውን ያስወጣል አለችኝ። ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ይገባል መሰለኝ። እኔን አናደደኝ። እንዲያፍር ነበር የፈለግኩት፤ እንዲሻሻል አልፈለግኩም። እኔ ካምፕ ተብዬ ያለቀስኩበትን ዓመት ሌሎች ልጆች በደህና መምህር ይማሩበታል፤ ለእኔ የሚተርፈኝ የለም። መምህሮቼ ይህን ቢያነቡ ከአንዲት ተማሪ የሚጠበቀው እንዲህ ያለ መደምደሚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የተሻለ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሁለቱም ጊዜ ውሸት ሆነብኝ።

ቢሆንም ከዚያ እረፍት ስመለስ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ የምለውን ማዘጋጀት እንዳቆምኩ ልብ አልኩ። ለእሱ የምናገረው ነገር አልቆ ነበር። ያለቀው እዚያው አሶሳ ገበያ መግቢያ ላይ፣ የካቲት አሥራ አንድ ቀን ነው።