ከጭራው የሚጀመር ቃል

የናፍጣ ሽታ ሲመጣብኝ፣ ለዘገባ በቆምኩበት የጭነት መኪና ማቆሚያም ቢሆን፣ አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ የአባቴ መዳፍ ነው። ባደግኩባት በሱዳኗ ገዳሪፍ ናፍጣን «ጃዝ» ነበር የምንለው። አባቴን ደርግ ፖላንድ ልኮ የእርሻ መኪና አስተምሮት ነበር፤ ከዚያው ከደርግ ሸሽተን በመተማ በኩል ሱዳን ከገባን በኋላም ቁረይሻ ወደሚባለው የእርሻ አገር ወርዶ ትራክተር እየጠገነ ያሳድረን ነበርና ሽታው በሳሙናም አይለቀውም ነበር።

ድንበሩን ስንሻገር፣ ሊነጋጋ ሲል፣ የወታደሮች ድምፅ ሰምተን ማሽላ ውስጥ ተኛን። አባቴ በአንድ እጁ የኔን፣ በሌላው የታላቅ እህቴን የእንጉዳይን አፍ ግጥም አድርጎ ይዞ፣ ድምፁ እስኪርቅ ቆየ። እኔ ምንም አልሆንኩም። እንጉዳይ ግን ከዚያ ወዲህ መንተባተብ ጀመረች። የስደተኛ ሰፈራችን መምህርም «ስሟን ከነአባቷ መናገር ስትችል አምጧት» ብሎ ከትምህርት ቤት መለሳት።

በዚያ ክረምት፣ መንገዱ በጭቃ ተዘግቶ ሥራ ሲቆም፣ አባቴ በራኩባችን፣ በሣር ዳሳችን፣ ጥላ ሥር አስቀምጦ የፖላንድ ቃል ያስጠናት ነበር። የዚያ አገር ረጃጅም ግሶች የሱንም ምላስ አስረውት ያውቃሉ። ያን ጊዜ ፖላንዳዊ አስተማሪው ባሳየው ዘዴ፣ ቃሉን እንደ ጥንቅሽ በየአንጓው ቆርጦ ከጭራው ይጀምር ነበር። ባዶ ጀሪካን በጣቱ እየመታ «ሚ» ይላል፤ ቀጥሎ «ቢሽሚ»፣ ቀጥሎ «ሊቢሽሚ»፣ እንዲህ አንድ አንድ አንጓ እየጨመረ «ፕሺፕሮቫጂሊቢሽሚ» ላይ ይደርሳል። መነሻዋ ቁራጭ «ወደዚህ»፣ መሀሉ «መምራት»፣ ጭራው «እኛ» እንደሆነ፣ ተገጣጥሞም «መርተን ባመጣን ነበር» እንደሚል ያስረዳናል። በዚያ ቋንቋ ማንም ስቆባት ስለማያውቅ ይሆናል፣ እንጉዳይ ያለ እንቅፋት ትለው ነበር።

«የኻዋጃ፣ የፈረንጅ ቃል ከምታስቆርጣት የራሷን ስም ብታስጠራት ምን አለ?» ትለዋለች እናቴ።

«ይመጣል። ከጭራ ነው የሚመጣው።»

«ጭራው እስኪደርስ እኛ እናረጃለን በላ።»

አማርኛው ሲይዛት አባቴ ሁለት እጁን ከጀርባው አጣምሮ ይጠብቃት ነበር። እኔ ይህን የአስተማሪ ወግ ይመስለኝ ነበር።

ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን መልሶ ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኩ። መምህሩ ፊት ቆማ ጭኗን በጣቷ እየመታች በሹክሹክታ «ሰ፣ ደሰ፣ ታደሰ» አለችና ቀና ብላ «እንጉዳይ ታደሰ» አለች። መዘገባት።

ስንመለስ ግማሽ መንገድ ላይ «አባዬ» አለችው። «ያኔ እጅህ ጃዝ ጃዝ ይሸት ነበር።»

አባቴ ቆመ። «ታስታውሺዋለሽ?»

«ባትይዘኝ እጮህ ነበር እኮ።»

አንዴም አልተንተባተበችም። እሱ ግን ፊቱን ወደ ሰሊጡ አዞረ። እሷ ይቅር ብላዋለች፤ እሱ ራሱን ይቅር ሲል ግን አላየሁም። እስኪሞት ድረስ እጁን ወደ ፊቷ አላቀረበም፤ የልጆቿን ጉንጭ እንኳ የሚነካው በእጁ ጀርባ ነበር።

እንጉዳይ ዛሬ እዚያው ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ውስጥ ሱቅ አላት፤ ባረብኛም ባማርኛም ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ትውላለች። ስትደውልልኝ ግን፣ አንዳንዴ፣ ከመጀመሯ በፊት ጣቷ ባንኮኒውን ሲመታ ይሰማኛል። የምኖረው ሰውን አናግሬ ቢሆንም እሷን አላቻኩላትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ስጠብቅ፣ ባዶው እጄ ወደ ጀርባዬ ሄዶ አገኘዋለሁ።