መሱዳ ቀንድ ለቀማ ስትወጣ

ፋዲል ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው ከአቡጀዲ የተነሣ ነው። ነገሌ ቦረና ገበያ ዳር ባለችው ሱቁ ውስጥ፣ ከስኳሩና ከሻይ ቅጠሉ ጎን፣ አንድ ጥቅል ነጭ አቡጀዲ አይጠፋም ነበር። በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት በጋ ላይ ያ ጥቅል ሳይሸጥ መሳሳት ጀመረ። ሌባ ነው እንዳይል ሌላ ዕቃ አልተነካም። አንድ ማለዳ ከመስጊድ ሲመለስ ግን መሱዳ ከመደርደሪያው ጀርባ ቆማ ጨርቁን በመቀስ ስትቆርጥ፣ የቆረጠችውንም አጣጥፋ አህያዋ ላይ ከምትጭነው ጆንያ ሥር ስትወሽቅ አያት። ምን ልታደርጊበት ነው ቢላት፣ ቀንዱ እንዳይፋቅ እጠቀልልበታለሁ አለችው። አመሻሹ ላይ ይዛው የመጣችው ቀንድ ግን በገመድ ብቻ ታስሮ፣ አቧራውን እንደለበሰ ነበር። አቡጀዲው የለም።

መሱዳ የተወለደችው በፊልቱ በኩል፣ ፍየል በሚያረባ ቤት ነው። ፋዲል አግብቷት ነገሌ ካመጣት በኋላ ሱቅ ውስጥ መቀመጡ አልሆነላትም። ስታወራ ዓይኗ ሁልጊዜ በር በሩን ያይ ነበር። የቀንዱ ነገር የመጣው አንድ ዘመዷ ለሽማግሌዎች ስብሰባ የሚነፋ የአጋዘን ቀንድ ፈልጎ ያጣ ጊዜ ነው። እኔ አመጣልሃለሁ አለችና ወጥታ አመጣችለት። ከዚያ ወዲህ ጠምዛዛውን ቀንድ ግድግዳቸው ላይ መስቀል የሚወዱ የጦር ሰፈሩ መኮንኖችና የዶሎ መንገድ ሾፌሮች ይጠይቋት ጀመር። እሷም ቦናው ሲገባ፣ ቅጠሉ ረግፎ ሣሩ ሲያልቅና መሬቱ ሲገለጥ፣ አህያዋን እየነዳች ትወጣለች።

አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥል የሚመስለው የከተማ ሰው ብዙ ነው። አይጥልም። ቀንዱ የሚወድቀው እሱ ራሱ ሲወድቅ ነው፤ በጥም ወይም በአንበሳ። ጅብ መጥቶ ራስ ቅሉን ሳይቀር ቆረጣጥሞ ሲሄድ ቀንዱን ይተወዋል። ፀሐይ ያነጣው ቀንድ ከሩቅ ሲያዩት የደረቀ ሥር ይመስላል፤ ስለዚህ ለቃሚ አንገቱን ደፍቶ፣ ከግራር ግራር፣ ከኩይሳ ኩይሳ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። መሱዳ ይህን ስትነግረው ፋዲል መጀመሪያ ደስ ይለው ነበር። ሱቅ ለሚመጣ ሁሉ፣ እኔ ቆጣሪ ነኝ፣ አዳኟ እሷ ናት እያለ ይቀልድ ነበር።

ያን ዓመት ቀልዱ ጠፋ። መሱዳ ከወትሮው አብልጣ ትወጣለች፣ ይዛ የምትመጣው ቀንድ ግን አንሷል። ጥፍሯ ውስጥ ቀይ አፈር ይገባል። አፈር የሚቆፍር ለቃሚ ደግሞ ፋዲል አላየም። በዚያ ላይ ማሚቱ አለች። ማሚቱ ጦር ሰፈሩ አጠገብ የምትኖር የወታደር ሚስት ናት። ባሏ ሃምሳ አለቃ ዮሴፍ በሰማንያ ሦስት ግንቦት ጦሩ ሲበተን፣ በእግራቸው ወደ ኬንያ ካቀኑት ጋር ሄዶ ቀረ። ሞተ የሚል ወሬ አልመጣ፣ አለ የሚልም አልመጣ። ከመሱዳ ጋር የሚያገናኛቸው ዝምድናም ጉርብትናም የለም፤ ሆኖም መሱዳ ከጫካ በተመለሰች ማግስት ማሚቱ ሱቁ በር ላይ ትደርሳለች። ሁለቱ ጓዳ ገብተው በለሆሳስ ይነጋገራሉ። ፋዲል ሲገባ ዝም ይላሉ።

ነገሩን ይበልጥ ያቀጣጠለው ጂሎ ነው። ጂሎ ከከተማው በታች ከብት የሚያረባ፣ ወተት ይዞ በሱቁ በር የሚያልፍ ሰው ነው። አንድ ቀን ወተቱን ካወረደ በኋላ እንደወትሮው አልሄደም፤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«አካም ፋዲል፣ ናጋ? ሚስትህ የምትፈልገው ጋዳምሳ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው?»

ፋዲል ጋዳምሳ ነው አለ፤ አጋዘኑን በኦሮሞኛ ስሙ እየጠራ።

«በዶማ ስትቆፍር አይቻለሁ። ደረቁ ሰርጥ ጋ። ቀንድ ከመሬት በታች አለ እንዴ?» አለና ተነሣ። «ሰው ደግሞ ያያል። ከልክላት።»

በዚያ ዘመን የጦር መሣሪያ ነገር ስሙም ያስፈራ ነበር። የተበተነው ጦር ጠመንጃውን የትም ቀብሮ ሄዷል እየተባለ ቤት ይፈተሻል፤ አግኝቶ ያላስረከበ ይታሰራል። ፋዲል ሱቁን ዘግቶ ሲያሰላስል ሁሉም ገጠመለት። ማሚቱ የወታደር ሚስት ናት፤ ባሏ ከመሄዱ በፊት የተቀበረበትን ቦታ ነግሯት ይሆናል። መሱዳ ጫካውን ታውቃለች። አቡጀዲው የጠመንጃ መጠቅለያ ነው። የሚገዛውስ? ከፊልቱ ወዲያ ገዢ አይጠፋም። እንዲህ ሲያስብ ቆየና ሐሳቡ ወደ ጂሎ ዞረ። ጂሎ ምን አገባው? ማን ልኮት ነው ያስጠነቀቀው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱን እንኳ ሲጠጣ ጣዕሙ ይለወጥበት ጀመር።

መሱዳን በቀጥታ ሊጠይቃት ሞክሮ ነበር። እራት ላይ፣ ልጃቸው ካውሰር ተኝታ፣ ጫካ ውስጥ ሰው አታገኚም ወይ አላት። ቀና ብላ አየችው። ከብት ጠባቂ አገኛለሁ አለች። ሌላስ? ሌላ ሰው የለም አለችው፤ ‹ሰው› የምትለው ቃል ላይ ድምጿ ትንሽ የተሰበረ መሰለው። ይህን ደግሞ ከሌላው ጥርጣሬ ጋር አስቀመጠው።

በጥር ወር አጋማሽ፣ ስኳር ላመጣ ፊልቱ ልሂድ ነው ብሎ አይሱዙ ላይ ወጣ። ከከተማው ጥቂት እንደራቀ ሾፌሩን አስቁሞ ወረደና ከመንገዱ ዳር ካለ ቁጥቋጦ ተጠግቶ ጠበቀ። አህያይቱ ስታልፍ አየ፤ መሱዳ ከኋላዋ ናት። ርቀቱን ጠብቆ ተከተላት።

ሚስቱን በዚህ ሁኔታ አይቷት አያውቅም። ሱቅ ውስጥ የሚያውቃት መሱዳ እግሯን የምትጎትት ነበረች፤ እዚህ ግን ቀሚሷን ሰብስባ፣ እሾኹን ሳትነካው እንደ ውሃ ታልፋለች። አንድ ቁጥቋጦ ሥር ጎንበስ አለችና ቀንድ አወጣች፤ ነቀዝ የበላው መሆኑን በጣቷ መርምራ መልሳ ጣለችው። ቀንድ መፈለጓስ እውነት ነው አለ ፋዲል በልቡ። ይህ ቅር አሰኘው እንጂ አላሳረፈውም። ጥሩ ሽፋን ማለት እውነት የሆነ ሽፋን ነው።

ፀሐይ ናላ በምታፈላበት ሰዓት ሰርጡ ጋ ደረሰች። አህያዋን አሰረች። ዶማውን ከጆንያው አወጣች፤ አንድ ግራር ሥር ቆፈር ቆፈር አደረገች። ከዚያ አቡጀዲውን መሬት ላይ ዘረጋችና ከአጠገቧ ካለ ቁጥቋጦ ሥር የሆነ ነገር በሁለት እጇ እያነሣች በጥንቃቄ ጨርቁ ላይ ታኖር ጀመር። ፋዲል ከዚህ በላይ መቆየት አልቻለም። ጠጠሩን እያንኮሻኮሸ ወረደ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አላት።

አልደነገጠችም። ከመንገዱ ጀምሮ እንደሚከተላት ታውቅ እንደነበር ኋላ ነገረችው። «ና፣ ቅረብና እይ፣ አባ ካውሰር» አለችው።

ጨርቁ ላይ ያለው የሰው አጽም ነበር። ራስ ቅል፣ የእጅ አጥንት፣ የጎድን አጥንት፣ ዝገት የበላው የወታደር ቀበቶ ዘለበት። ከፋዲል አፍ መጀመሪያ የወጣው ይህ ነበር፦

«መሣሪያውስ?»

መሱዳ ዶማውን አስቀመጠች። ያን ጊዜ ያየችበትን አስተያየት ፋዲል እስካሁን አልረሳውም። «መሣሪያ የለም» አለችው። «ከእኔ በፊት የመጣ ሰው ወስዶታል። ጫማውንም ወስዷል። እሱን ነው የተወው።»

ተቀምጣ ነገረችው። ከዓመት በፊት በዚያው አካባቢ ነጭ ነገር አይታ ቀንድ ነው ብላ ስትጎነበስ የሰው ክንድ ሆኖ አገኘችው። ረግጣ ማለፍ አቃታት። ጦሩ ተበትኖ ወደ ኬንያ ሲሄዱ ውሃ ፍለጋ ከመንገድ ከወጡት ወታደሮች አንዱ እንደሆነ ገባት። ከዚያ በኋላ ቀንድ ስትፈልግ እነሱንም ትፈልግ ጀመር፤ ያገኘችውን በአቡጀዲ ከፍና ትቀብራለች። እስላም ይሁኑ ክርስቲያን አታውቅም። ለዚህ ነው ማሚቱን የጠየቀቻት፤ የእናንተ ሰው ሲቀበር ራሱ ወደየት አቅጣጫ ነው የሚሆነው ብላ። ማሚቱ ነገሩ ሲገባት እዚያው ጓዳ ውስጥ ተንበርክካ ለመነቻት። ባሏ ዮሴፍ ግራ እግሩ ተሰብሮ የዳነ ነበር፤ አጥንቱ ላይ እብጠት መኖር አለበት። መሱዳ ከጫካ በተመለሰች ቁጥር ማሚቱ የምትመጣው አንድ ነገር ለመስማት ነው፤ እሱ አይደለም የሚለውን።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በልብህ ያለው ፊትህ ላይ ይወጣል። ሱቅ የገባ ሁሉ ያነበው ነበር። ከዚያ ከሬሳው ላይ ምን ወሰድሽ ይሉኛል። አንተም ይኸው አልከኝ።»

ፋዲል ጎንበስ ብሎ የጨርቁን ጫፍ ያዘላት። የዚህኛው ሰው የግራ እግር አጥንት አልነበረም፤ ጅብ ወስዶታል። ዮሴፍ ይሁን አይሁን መለየት አይቻልም ነበር። ቀበሩትና ድንጋይ ከመሩበት፤ መሱዳ ዱዓ አደረገች፣ ፋዲል አሚን አለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ግን የፋዲል ልብ ሌላ ነገር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ያ ሰርጥ ከብት የማይወርድበት፣ ግጦሽም ውሃም የሌለው ቦታ ነው። ጂሎ እዚያ ምን ወሰደው? ሴት ስትቆፍር በሩቅ ያየ ሰው ደረቁን ሰርጥ እንዴት በትክክል ያውቀዋል? ለምንስ ከልክላት አለ?

ጂሎ በማግስቱ ወተት ይዞ ሲመጣ ፋዲል አግዳሚውን አሳየው። ያ ሰርጥ ጋ መጀመሪያ የሄድከው መቼ ነው ብሎ በኦሮሞኛ ጠየቀው። ጂሎ የወተት ዕቃውን ክዳን አጠበቀ። ፋዲል ደገመለት። ጂሎ ወተቱን ሳያወርድ ተነሥቶ ሄደ፤ ከዚያም ለብዙ ጊዜ በሱቁ በር አላለፈም። ይህ መልስ ነበር፤ ግን የምን መልስ እንደሆነ ፋዲል አላወቀም። ጠመንጃ ከሞተ ሰው መውሰድ አንድ ነገር ነው። ሰውዬው ያን ጊዜ ሞቶ ነበር ወይ? ይህችን ጥያቄ ለመሱዳም አልነገራት።

ዝናቡ ሊገባ ሲል ጂሎ ራሱ መጣ። ቀጥ ብሎ ጓዳ ካልገባሁ አለ፤ መሱዳና ማሚቱ እዚያ ነበሩ። በር ላይ ቆሞ፣ አማርኛው እየተደነቃቀፈ ተናገረ። ወታደሩን ያገኘው በሕይወት ነው። ግራሩ ሥር ተጋድሞ ነበር። ወተት አጠጣው፤ አልዋጠለትም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈ። ጠመንጃውን ወሰደ። መውሰዴን ሰው ቢያውቅ ገደለው ይሉኛል ብሎ ፈራ። ጠመንጃው አሁን የለም፣ ሸጦታል።

ማሚቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትሰማ ነበር።

«ወንድሜ» አለችው፤ «ሲሄድ ያነክስ ነበር?»

«ሲሄድ አላየሁም። ተኝቶ ነው ያየሁት።»

«ስም ጠርቷል?»

ጂሎ ፋዲልን አየ። ከዚያ እሷን አየ። «አዎ፣ ጠርቷል» አለ።

«ማሚቱ ብሎ?»

ትንሽ ቆየና፣ «አዎ» አለ።

ማሚቱ አልጮኸችም። ጂሎን እጁን ይዛ ሳመችው። ከዚያ ቤቷ ሄዳ ለቅሶ ተቀመጠች፤ የጦር ሰፈሩ ሴቶች መጡላት፣ ቄስ ተጠራ፣ ፍትሐት ተደረገ። ዓመታት የተሸከመችው ነገር በአንድ ቀን ከትከሻዋ የወረደ ይመስል ነበር። ፋዲልም ከለቀስተኛው ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ በልቡ ግን ያቺን ትንሽ ዝምታ ነበር የሚያገላብጠው። ጂሎ ስሙን የሰማው ከሰውዬው ነው ወይስ ከሴትዮዋ አፍ ነው የተቀበለው? አዎ ያለው አዝኖላት ነው ወይስ ራሱን ለማዳን?

ለማንም አልተናገረም። ለማሚቱ መናገር ሰው መግደል ነው ብሎ አሰበ። መሱዳ ደግሞ ስለዚያ ቀን ሲነሣ ወሬ ትለውጣለች፤ እንዳመነች ነው ብሎ ተወው።

በሚቀጥለው ቦና መሱዳ እንደልማዷ ወጣች። አቡጀዲውን አሁን ፋዲል ራሱ ነው የሚቆርጥላት፤ አንዳንዴም ሱቁን ዘግቶ አብሯት ይሄዳል። አንድ ቀን ቀንድ ለማሰር ወደ ኋላ ቀርቶ ሲያጣት ፈልጎ ያገኛት ደረቁ ሰርጥ ውስጥ ነበር። ከመቃብሩ ርቃ፣ የጅብ ጉድጓድ ጋ በእጇና በጉልበቷ ተንበርክካ አፈሩን በጣቶቿ ትጭራለች። ሰርጡ ቀንድ የለበትም። ፋዲል ምን እንደምትፈልግ ሳይነገረው ገባው፤ የተሰበረና የዳነ የግራ እግር አጥንት።

ካገኘችው ምን ልታደርግ እንደሆነ አልጠየቃትም። እሷም ዞራ አየችውና መጫሯን ቀጠለች። አጠገቧ በርከክ ብሎ ከጉድጓዱ በሌላው ጎን አፈሩን መጫር ጀመረ።