ሰብለ ሰው ሲያጥራት

ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ያገኛትን አንዲት የእረፍት ቀን በሰላም ቢያሳልፍ ምን አለበት? ሚኒያፖሊስ ውስጥ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ መሃል ወዳለችው ትንሽ ደሴት በድልድይ ተሻግሬ ገባሁ። ሣሩ ላይ አንሶላ አነጠፍኩ፤ ጫማዬን አውልቄ ሐብሐቤን መብላት እንደጀመርኩ ስልኬ ጮኸ። የምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አለቃዬ ሰብለ ናት።

«እህቴ፣ ሰው አጥሮኛል። የዛሬን ሺፍት ከቨር አድርጊልኝ።»

«ሰብልዬ፣ ዛሬ እኮ ኦፍ ነኝ!»

ዘጋሁት። ሐብሐቡን ሳልጨርስ ደወለች። ጋደም ስል ደወለች። ዓይኔን ስከድን አሁንም ደወለች።

«አንቺ ተዝናኚ፤ እኔ እዚህ ብቻዬን ስሮጥ ወገቤ ሊቆረጥ ነው!»

ንድድ ብሎኝ ዘጋሁባት። ግን ምን ላድርግ፣ አንጀቴ አልቻለም። እየተነጫነጭኩ አንሶላዬን ጠቅልዬ በወንዙ ዳር ወደ ድልድዩ አመራሁ። «መጣሁ» ልላት ስደውል፣ ከፊቴ ካለው ዛፍ ሥር ስልክ ጮኸ። ሰብለ እግሯን ውሃው ውስጥ ነክራ፣ ባርኔጣዋን ዓይኗ ላይ ደፍታ ተጋድማለች። ቀና ሳትል ስልኩን አነሳችና፣

«እሺ የኔ ቆንጆ፣ ደረስሽ?» አለችኝ።