የነገ ትዞራለች ሞተር

መሥሪያ ቤት በስሙ የሚጠራው የለም፤ “ነገ ትዞራለች” ነው የሚሉት። ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ከአቧራ ብናኝ ያነሰች፣ ብርሃን ሲያርፍባት የምትሽከረከር ሞተር እሠራለሁ ብሎ ቤተ ሙከራ ከገባ ጀምሮ፣ ዞረች ወይ ሲባል መልሱ ያው ነው።

አማቱ አብረውት ይኖራሉ፤ ምላሳቸው ደግሞ እረፍት አያውቅም። እራት በቀረበ ቁጥር “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” እያሉ ያደርቁታል። አንድ ቀን፣ መብራት ሲጠፋስ ትዞራለች ወይ ብለው ጠየቁት። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ ያለ ብርሃን ንቅንቅ እንደማትል፣ የጥበቡ ቁም ነገርም ይኸው እንደሆነ አስረዳቸው።

የክፍሉ ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ወንበሩ ለእሱ ታጨ፤ ሞተሯ በአለቆች ፊት ከዞረች ነው ታዲያ። ካልዞረች ክፍሉም ይዘጋል፣ እሱም ይሰናበታል። ሞተሯ በምትታይበት ዕለት ጠዋት ሲጣደፍ የምትንሳፈፍበትን የተጣራ ውሃ ደፋው። ሌላ ለማምጣት ምድር ቤት መውረድ ሊኖርበት ነው፤ አለቆቹ ደግሞ ደረጃውን እየወጡ ናቸው። ከእጅ መታጠቢያው ቧንቧ አንድ ጠብታ ወሰደና ሞተሯን ጨምሮባት ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባ።

ሰማያዊውን ጨረር ለቀቀ። ዞረች። አለቆቹ በየተራ እያጎነበሱ አዩ፤ አንደኛው እንዲያውም ግርማ ሞገስ አላት አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ነገ ትዞራለች ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ያን ሁሉ ዓመት መሳቂያ ሆኖ ለኖረ ሰው አይፈረድበትም።

እንግዶቹ እንደወጡ ጨረሩን አጠፋና ዓይኑ እስኪጠግብ ሊያያት አጎነበሰ። አሁንም ትዞራለች። ቆየት ብላ መዞሩን ተወችና ቀጥ ብላ ዋኘች፤ አጠገቧ ያገኘችውንም ዋጥ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች። እውነተኛዋ ሞተር ጥጓን ይዛ ተገትራለች። ለካ ያ ሁሉ የተጨበጨበው ለቧንቧ ውሃ ተሐዋሲ ነው።

የአለቆቹ ሳቅ ገና ከኮሪደሩ ይሰማል፤ ቢሮጥ ይደርስባቸው ነበር። እሱ ግን ጠብታዋ ያረፈችበትን መስታወት አጥቦ አደረቀው።

ማታ ቤቱ በእንኳን ደስ ያለህ ተሞላ። አማቱ ሰዉ ሁሉ እስኪሄድ ጠብቀው ጠጋ አሉት።

“ዞረች አሉኝ። መብራት ሲጠፋስ፣ ልጄ?”

“ትዞራለች፣ እማማ” አላቸው።

በዚያን ቀን ስለ ሞተሯ ከአፉ የወጣች እውነት እሷ ብቻ ነበረች።