የሞተውን የበላ የፓፓያ ወተት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ከወሎ ወርጄ መልካ ወረር ጥጥ ለቀማ በገባሁበት ዓመት ነው። ጠዋት ግራ እግሬን ጫማ ውስጥ ሳስገባ ትዝ የማይለኝ ቀን የለም።

ማሳ ውስጥ የተጣለ ስለታም ቆርቆሮ ቁርጭምጭሚቴ አጠገብ ቆረጠኝ። እኛ ለቃሚዎች ስንቆስል ከፊታችን ካለው ጥጥ ነጨት አድርገን መጠቅጠቅ ልማዳችን ነበር። ነጭ ስለሆነ ንጹሕ ይመስለናል። ስንት አቧራና የተባይ መድኃኒት እንዳለበት ማን አስቦ! እኔም ጠቅጥቄ ሥራዬን ቀጠልኩ።

እግሬ አብጦ ጠቆረ። አብረውኝ የሚያድሩት ልጆች ሽታውን ሸሽተው ውጭ ማደር ጀመሩ። የጥጥ እርሻው ክሊኒክ ሄጄ ፔኒሲሊን ብወጋ ብወጋ ቁስሉ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ሐኪሙ ናዝሬት ተወስጄ እግሬ እንዲቆረጥ ወሰነ። ባንድ እግር ጥጥ አይለቀም። አገር ቤት የኔን እጅ የምትጠብቅ እናቴን በምን ልጦራት? እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

የክሊኒኩ ነርስ ሲስተር ዘሀራ፣ መኪናው እስኪመጣ አንድ ነገር ልሞክርለት ብላ ሐኪሙን አስፈቀደች። በተማረችበት ሆስፒታል መርፌ እንቢ ያለውን ቁስል እንዲህ ሲያክሙ አይታለች። ከግቢው ጥሬ ፓፓያ ቆርጣ አጠበች፤ ወተቱ እየተንጠባጠበ ቀጥቅጣ ቁስሉ ላይ አሰረችልኝ።

"ሲስተር፣ ይሄ እኮ የሚበላ ነው!" አልኳት።

"አሁን በላተኛው እሱ ነው። አንተ ዝም ብለህ ዱዓ አድርግ።"

በየቀኑ ቀየረችልኝ። ጥቁሩ ሥጋ እየላላ ከፋሻው ጋር ይነሣ ጀመር። አንድ ጠዋት ስትጠርገው እሳት የነካኝ ያህል ጮህኩ። እሷ እቴ፣ ሳቀች!

"አልሐምዱሊላህ በል እንጂ! የሞተ ሥጋ መች ያማል?"

ጎንበስ ብዬ ሳይ ከሥሩ ቀይ፣ ጤነኛ ሥጋ ወጥቷል። ሐኪሙም መጥቶ ብዙ አየውና "መኪናው ይቅር" አለ።

ምክንያቱን ያስረዳኝ እሱ ነው። በፓፓያው ወተት ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ አለኝ። የሞተውን ሥጋ ያሟሟና ጀርሞቹን መጠለያ ያሳጣቸዋል፤ ሕያው ሥጋ ግን ራሱን የሚከላከልበት አለው።

ሰማሁት እንጂ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ዓይን የለው፣ ጆሮ የለው፤ የሞተውን ከሕያው እንዴት ለየ? ሱብሐነላህ!

እናቴን አላህ ዕድሜ ሰጥቷት ብዙ ዓመት ጦርኳት። ጀናዛዋን ተሸክሜ ዳገቱን የወጣሁት በሁለቱም እግሮቼ ነው።